ቁጥርን በሥዕል ማሳየት፤ ለምንና እንዴት?



አንድ መምህር በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «በዚህ ዓመት ከሴት ተማሪዎቻችን መካከል 37 ነጥብ 5 በመቶ የሚሆኑት ትምህርታቸውን አቋርጠዋል» ብሎ ቢናገር፣ ከተሰበሰበው ሰው ለስንቱ ነገሩ ይገባዋል? በአክብሮት ያዳምጡታል፤ ራሳቸውንም ይነቀንቃሉ፤ ግን «ነጥብ አምስት በመቶ» የምትባል ልጅ በሰፈራቸው የለችም። ያው መምህር በጥቁር ሰሌዳው ላይ ስምንት ልጃገረዶች ሥሎ ሦስቱን በጠመኔ ቢሰርዛቸውስ? ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡት እናት «ውይ! ከስምንቱ ሦስቱ?» ማለታቸው አይቀርም። ቁጥሩን የወሰድነው ለምሳሌ ያህል ነው። ስሌቱ ግን ያው ነው፤ 3 ለ8 ሲካፈል 37 ነጥብ 5 በመቶ ይሆናል። የተለወጠው የሚታይበት መንገድ ብቻ ነው።

እኛ እጩ መምህራን ነገ በየተመደብንበት ትምህርት ቤት ስንደርስ ከቁጥር አንሸሽም። የስም መጥሪያ፣ የውጤት መዝገብ፣ የመጻሕፍት ስርጭት፣ የተማሪ ምዝገባ፣ ሁሉም ቁጥር ነው። ታዲያ ቁጥሩ መዝገብ ውስጥ ተኝቶ አቧራ ሲጠጣ ከሚኖር ለተማሪውም፣ ለወላጁም፣ ለርእሰ መምህሩም እንዲናገር ማድረግ የኛ ሥራ ነው። ለዚህም ኮምፒዩተር የግድ አያስፈልግም። ጠመኔ፣ ማስመሪያና ቀና ልቡና ይበቃሉ። በዚህ ጽሑፍ አራት ዓይነት ቀላል ሥዕሎችን እናብራራለን፤ ከዚያም ሥዕል እንዴት ሊዋሽ እንደሚችል እናሳያለን። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጣል። ምክንያቱም ቁጥር ማንበብ የማይችል ሰው ሥዕሉን ያምናል፤ ባመነው ሥዕል ከዋሸነው ግን የሚመረምርበት ሌላ መሣሪያ የለውም።

1ኛ/ ከሥዕሉ በፊት ጥያቄው

ብዙዎቻችን ግራፍ ሥሩ ስንባል ወዲያው ባለቀለም እስክሪብቶ ፍለጋ እንሮጣለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ «ይህ ሥዕል የሚመልሰው ጥያቄ ምንድን ነው?» ብለን መጠየቅ አለብን። ጥያቄው «ማን ይበልጣል?» ከሆነ አንድ ዓይነት ሥዕል ያስፈልገዋል። «ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት ሄደ?» ከሆነ ሌላ ነው። «ከጠቅላላው ስንት እጁ ነው?» ከሆነ ደግሞ ሌላ። ጥያቄ የሌለው ግራፍ ግድግዳ ያሳምር ይሆናል እንጂ ለማንም ምንም አይናገርም።

ሁለተኛው ነገር ቆጠራው ነው። ስንቆጥር ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ጭረት እንጭራለን፤ አራት ቀጥ ያሉ ጭረቶች ከሞሉ በኋላ አምስተኛውን በላያቸው አጋድመን እናሰምራለን። አንዱ እስር አምስት ሆነ ማለት ነው። ይህ ለሀገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ቢሆን የዱቤውን ልክ በከሰል ግድግዳ ላይ እየጫረ ሊይዝ ይችላል። እስሮቹን ቆጥረን በአምስት ስናባዛ ድምሩ ይገኛል። ከዚያ ድምሩን በሰንጠረዥ እናሰፍራለን። ሰንጠረዥ የሥዕሉ እናት ነው፤ ሰንጠረዡ ከተሳሳተ ሥዕሉ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም።

2ኛ/ ሥዕላዊ ግራፍ

ከሁሉም ቀላሉና ለሕፃናት የሚስማማው ሥዕላዊ ግራፍ ነው። አንድ ትንሽ ሥዕል የተወሰነ ቁጥር እንዲወክል አድርጎ ሥዕሉን መደርደር ነው። የምንኖርበት ሰፈር ሰንጋ ተራ ይባላልና ምሳሌያችንን ከሰንጋ እንጀምር። ዛሬ በሰፈራችን የሚታዩት የባንክ ፎቆች ናቸው እንጂ ሰንጋ አይደለም፤ ስሙ ግን የከብት ገበያውን ዘመን እያስታወሰ አለ።

በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የእንስሳት ናሙና ጥናት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የቀንድ ከብት፣ ወደ 52 ሚሊዮን ፍየል፣ ወደ 43 ሚሊዮን በግና ወደ 8 ሚሊዮን ግመል ነበረ። «ናሙና» ማለት እያንዳንዱ ከብት አንድ በአንድ ተቆጠረ ማለት አይደለም፤ ከተመረጡ ቦታዎች የተገኘው ተሰልቶ ለጠቅላላው ተገመተ ማለት ነው። ስለዚህ «ወደ» የምትለው ቃል ከቁጥሩ ጋር አብራ መኖር አለባት።

አሁን አንድ ሥዕል 10 ሚሊዮን ይወክል እንበል። በመጀመሪያው መስመር ሰባት በሬዎች እንደረድራለን። በሁለተኛው መስመር አምስት ሙሉ ፍየሎችና የስድስተኛው ጭራ ብቻ ይታያል። በሦስተኛው አራት በጎችና የአምስተኛው ሲሶ ያህል፤ በአራተኛው ደግሞ አንድም ያልሞላ፣ አንድ አምስተኛው የተቆረጠ ግመል ይኖራል። ከሥሩም «አንድ ሥዕል = 10 ሚሊዮን እንስሳ» ብለን መፍቻውን እንጽፋለን። መፍቻ የሌለው ሥዕላዊ ግራፍ ቁልፉ የጠፋ ሳጥን ነው፤ ሰባት በሬ ያየ ሕፃን «ኢትዮጵያ ውስጥ ሰባት በሬ ብቻ ነው ያለው?» ቢል አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ።

ሀ. ሥዕሎቹ ሁሉ እኩል ቦታ መያዝ አለባቸው። ግመል በተፈጥሮው ረጅም ነው ብለን ግመሉን አስረዝመን በጉን ካሳነስን፣ አንድ ያልሞላ ግመል ከአራት በጎች የገዘፈ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቀድመን እኩል ሣጥኖች አስምረን እያንዳንዱን እንስሳ በየሣጥኑ ውስጥ እንሥላለን።

ለ. ብዛትን የምናሳየው ሥዕሉን በመደርደር እንጂ በማሳበጥ አይደለም። አንድ ገበያ 100፣ ሌላው 200 ሰንጋ አስተናገደ እንበል። ሁለተኛውን ለማሳየት አንድ በሬ ሥለን ቁመቱንም ርዝመቱንም እጥፍ ብናደርገው ምን ይሆናል? ቁመቱ ሁለት እጥፍ፣ ርዝመቱ ሁለት እጥፍ ሆኖ በወረቀቱ ላይ የሚይዘው ቦታ አራት እጥፍ ይሆናል። ተመልካቹ ደግሞ በሬውን እንደ እውነተኛ በሬ በወርዱም ጭምር ካሰበው፣ ቄራ ወስዶ ቢመዝነው ስምንት እጥፍ ይመጣለታል! ሁለት እጥፍ ለማለት ተነሥተን ስምንት እጥፍ ተናገርን ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እኩል የሆኑ ሁለት በሬዎች መደርደር።

ይህን ደንብ አጥብቀው ካስተማሩት ሰዎች አንዱ በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና የኖረው ኦቶ ኖይራት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 ስለ ኅብረተሰብና ስለ ኢኮኖሚ በሥዕል የሚያስረዳ ሙዚየም አቋቁሞ፣ ከባለቤቱ ከማሪ ኖይራትና ከሠዓሊው ከጌርድ አርንትስ ጋር «አይሶታይፕ» የተባለውን የሥዕል አጻጻፍ አዳብሯል። ዓላማቸውም ብዙ ያልተማረ ሠራተኛ ስለ ሀገሩ ቁጥር እንዲያውቅ ማድረግ ነበር። ማሪ ኖይራት ከባሏ ሞት በኋላ በ1950ዎቹ ለምዕራብ ናይጄሪያ መንግሥት የሕዝብ ማስተማሪያ ጽሑፎችን በዚሁ ዘዴ አዘጋጅታለች። እንግዲህ ዘዴው ለአፍሪካም እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

3ኛ/ ባር ግራፍ

«ማን ይበልጣል? በስንትስ ይበልጣል?» ለሚል ጥያቄ የሚስማማው ባር ግራፍ ነው። ወርዳቸው እኩል የሆኑ ዘንጎች እናቆማለን፤ የዘንጉ ቁመት ቁጥሩን ያሳያል። ባር ግራፍን በመጽሐፍ በማሳተም ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር ሲሆን ጊዜውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1786 ነው።

ምሳሌ ከከተማችን እንውሰድ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ሲካሄድ አዲስ አበባ በአሥር ክፍለ ከተሞች የተከፈለች ነበረች። ለሚ ኩራ የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሕዝቡን ወደ አቅራቢያው አሥር ሺህ ስናጠጋጋው እንዲህ ይሆናል፦

ኮልፌ ቀራንዮ፦ 430 ሺህ
የካ፦ 350 ሺህ
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፦ 320 ሺህ
ቦሌ፦ 310 ሺህ
ጉለሌ፦ 270 ሺህ
አዲስ ከተማ፦ 260 ሺህ
ቂርቆስ፦ 220 ሺህ
አራዳ፦ 210 ሺህ
ልደታ፦ 200 ሺህ
አቃቂ ቃሊቲ፦ 180 ሺህ

ሚዛናችን «1 ሴንቲ ሜትር = 20 ሺህ ሰው» ይሁን። የኮልፌ ዘንግ 21 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ የቦሌ 15 ተኩል፣ የልደታ 10፣ የአቃቂ 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ትልቅ ወረቀት ይበቃዋል። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት እኩል ይሁን፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ ቢደረደሩም ለዓይን ይቀልላል። በየዘንጉ አናት ላይ ቁጥሩን፣ ከግራፉ በላይ ደግሞ አርእስቱን እንጻፍ፤ «የአዲስ አበባ ሕዝብ በክፍለ ከተማ፣ 1999 ዓ.ም.» ብለን። ዓመተ ምሕረቱ ካልተጻፈ ተመልካቹ የዛሬ ቁጥር ነው ብሎ ይሳሳታል።

በዚህ ግራፍ የኛ ልደታ ከመጨረሻ ሁለተኛ ናት። ታዲያ አንድ ሰው ግራፉን አይቶ «ልደታ ሰው አይበዛባትም፤ ቦሌ ነው የተጨናነቀው» ቢል ልክ ነው? አይደለም። ግራፉ የመለሰው «ስንት ሰው ይኖራል?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ምን ያህል ተጠጋግቶ ይኖራል?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ልደታ ስፋቷ ወደ 9 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ቦሌ በዚያን ጊዜ ወሰኑ ወደ 122 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። ሕዝቡን ለስፋቱ ስናካፍለው በልደታ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 22 ሺህ፣ በቦሌ ግን ወደ 2 ሺህ 500 ሰው ይደርሳል።

ይህን በሥዕል እናሳየው። እኩል የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች እንሥራ፤ እያንዳንዱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ይሁን፤ አንድ ነጥብ ደግሞ 1 ሺህ ሰው ይወክል። በልደታው አራት ማዕዘን ውስጥ 22 ነጥቦች ይታፈጋሉ፤ በቦሌው ውስጥ ሁለት ነጥብ ተኩል ተዝናንተው ይቀመጣሉ። አያችሁ? ከአንድ ቆጠራ ሁለት ሥዕል ወጣ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን የተለያየ ነው። ስንት መማሪያ ክፍል ያስፈልጋል ለሚል ሰው የመጀመሪያው፣ መጫወቻ ሜዳ ከየት ይገኛል ለሚል ደግሞ ሁለተኛው ይጠቅመዋል።

4ኛ/ የመስመር ግራፍ

«ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት ሄደ?» ለሚለው ጥያቄ የመስመር ግራፍ ይሠራል። ከታች ጊዜውን፣ በግራ በኩል ብዛቱን አስምረን፣ ነጥብ አስቀምጠን፣ ነጥቦቹን በመስመር ማያያዝ ነው።

በሀገራችን እስካሁን ሦስት ጊዜ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ተካሂዷል፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ የታሰበው አራተኛው ቆጠራ እንዲራዘም ተደርጓል። የአዲስ አበባ ሕዝብ በመጀመሪያው ቆጠራ ወደ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ፣ በሁለተኛው ወደ 2 ሚሊዮን 100 ሺህ፣ በሦስተኛው ወደ 2 ሚሊዮን 700 ሺህ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሠሪ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ሦስቱን ዓመታት በእኩል ርቀት ማስቀመጥ አይገባም። የመጀመሪያው ቆጠራ በግንቦት 1976፣ ሁለተኛው በጥቅምት 1987፣ ሦስተኛው በግንቦት 1999 ነው የተካሄደው። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው 10 ዓመት ከ5 ወር፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ደግሞ 12 ዓመት ከ7 ወር ያህል ነው። ስለዚህ በየዓመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ብንሰጥ የመጀመሪያው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ ሁለተኛው ከ12 ተኩል በላይ ይሆናል። እንዲህ ሲሠራ የመጀመሪያው መስመር ቀጥ ብሎ ሲወጣ፣ ሁለተኛው ዘመም ሲል በግልጽ ይታያል። በእኩል ርቀት ከተቀመጡ ግን ሁለቱ መስመሮች ተመሳሳይ መስለው የዕድገቱ ፍጥነት መቀነሱ ይደበቃል።

ሌላም አለ። የመላው ሀገሪቱን ሕዝብ በመስመር ግራፍ የሚሥል ሰው በ1976 ወደ 42 ሚሊዮን 600 ሺህ፣ በ1987 ወደ 53 ሚሊዮን 500 ሺህ የሚሉ ቁጥሮችን ያገኛል። ሁለቱን ዝም ብሎ በመስመር ቢያያዛቸው ግን ስሕተት ነው። በ1976ቱ ቁጥር ውስጥ የኤርትራ ሕዝብ አለበት፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ስለሆነች በ1987ቱ ውስጥ የለበትም። ያለ ኤርትራ የ1976ቱ ቁጥር ወደ 40 ሚሊዮን ይጠጋል። በዚያ ላይ በ1976 ቆጣሪ ያልደረሰባቸው አካባቢዎች ስለነበሩ የነዚያ ሕዝብ ቁጥር በግምት ነው የተሞላው። እንግዲህ ማወዳደር የሚቻለው በግና በግን፣ ፍየልና ፍየልን ነው። ሁለት ነጥብ በመስመር ከማያያዛችን በፊት «እነዚህ ሁለቱ ያንኑ ነገር ነው የሚቆጥሩት?» ብለን መጠየቅ ግዴታችን ነው።

5ኛ/ ክብ ግራፍ

«ከጠቅላላው ስንት እጁ?» ለሚለው ጥያቄ ክብ ግራፍ ወይም በተለምዶ ፓይ ቻርት የሚባለው ይሠራል። እኛ ግን እንጀራ ብንለው ይሻላል፤ አንድ ሙሉ እንጀራ መቶ በመቶ ነው፤ ቁራሹ ድርሻው ነው።

በ1999ኙ ቆጠራ መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶው 16ቱ ያህል በከተማ፣ 84ቱ በገጠር ይኖሩ ነበር። ሙሉው ክብ 360 ዲግሪ ስለሆነ አንድ በመቶ 3 ነጥብ 6 ዲግሪ ይይዛል። 16 በ3 ነጥብ 6 ሲባዛ 57 ነጥብ 6 ዲግሪ፤ 84 በ3 ነጥብ 6 ሲባዛ 302 ነጥብ 4 ዲግሪ። ሁለቱ ሲደመሩ 360 መምጣታቸውን እናረጋግጥ፤ ካልመጡ አንድ ቦታ ተሳስተናል። ክቡን ለመሥራት ኮምፓስ ከሌለ ምስማርና ክር ይበቃል። ምስማሩን መሀል ላይ ይዘን፣ በክሩ ጫፍ ጠመኔ አስረን እናዞራለን።

ይሁንና ክብ ግራፍ ሁለትና ሦስት ቁራሽ ሲሆን ነው የሚያምረው። አሥሩን ክፍለ ከተሞች በአንድ እንጀራ ላይ ብንቆራርሳቸው ልደታና አራዳን ማን ለይቶ ያያቸዋል? ዲግሪ ያልተማሩ ሕፃናት ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ቀላል ዘዴ አለ። አሥር በአሥር የሆነ መቶ ትንንሽ ቤት ያለው አራት ማዕዘን አስምረን 16ቱን ቤት ማጥቆር ነው። «በመቶ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ዓይናቸው ፊት ይቀመጣል፤ ከዚህ የተሻለ የመቶኛ ማስተማሪያ ከየት ይመጣል!

6ኛ/ ሥዕል ሲዋሽ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ግራፍ ያለ አንዲት የሐሰት ቁጥር ሊዋሽ ይችላል።

ሀ. ከመሀል የሚጀምር ሚዛን። ለመለማመጃ ያህል፣ በአንድ ክፍል 50 ወንዶችና 46 ሴቶች ዘወትር ይገኛሉ እንበል። ዘንጎቹ ከ0 ከጀመሩ ሁለቱ ሊተካከሉ ምንም አይቀራቸውም። አንድ ሰው ግን ግራፉን ከ44 ቢያስጀምረው የወንዶቹ ዘንግ 6፣ የሴቶቹ 2 ይሆናል። ሦስት እጥፍ! ያየ ሁሉ «ሴቶቹ ትምህርት አይወዱም» ብሎ ይፈርዳል። ስለዚህ የባር ግራፍ ሚዛን ምን ጊዜም ከዜሮ ይጀምር።

ለ. ትንሽ ቁጥርን በመቶኛ ማሳበጥ። ከአራት ልጆች ሁለቱ ቢቀሩ «50 በመቶ ቀሩ» ማለት ይቻላል። ውሸት አይደለም፤ ሰሚው ግን ግማሽ ትምህርት ቤት የቀረ ይመስለዋል። መቶኛ ስንጽፍ «ከስንት?» የሚለውን አብረን እንጻፍ።

ሐ. መርጦ ማሳየት። የተሻለውን ዓመት ብቻ ወስዶ የከፋውን መተው። ከቁጥሮቹ መካከል የሚያሳፍረን ካለ፣ እሱን ነው ይበልጥ ማሳየት ያለብን፤ መፍትሔ የሚፈለግለት እሱ ነውና። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ዛሬ የተደበቀው ቁጥር ነገ በባዶ ወንበር መገለጡ አይቀርም።

መ. ሰውን ማሸማቀቅ። የተማሪዎችን ስም ደርድሮ ውጤታቸውን በዘንግ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግራፍ ማስተማር አይደለም። ዘንጓ አጭር የሆነችው ልጅ በየማለዳው ስታየው ምን ይሰማታል? ግራፋችን የክፍሉን ሁኔታ ያሳይ፤ «ከ60 በላይ ያገኙ ይህን ያህል፣ በታች ያገኙ ይህን ያህል» ይበል። የልጅቷ ነገር ለልጅቷና ለወላጆቿ ብቻ ይነገር።

7ኛ/ ሥዕል ሲያድን

ግራፍ ወግ ብቻ ነው ለሚል ሰው ሁለት ታሪክ እንንገር።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 በለንደን ከተማ ሶሆ በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገባ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም በሽታው በመጥፎ አየር ሳይሆን በውኃ ይተላለፋል የሚል እምነት ነበረው። የሟቾቹን መኖሪያ ቤት እየተከታተለ በሰፈሩ ካርታ ላይ በጥቁር ምልክት አሰፈራቸው። ምልክቶቹ በአንድ የውኃ ማውጫ ዙሪያ ተከማቹ፤ ብሮድ ስትሪት በተባለው ጎዳና ላይ ባለው ማለት ነው። ስኖው ማስረጃውን ለሰፈሩ ሹማምንት አቅርቦ የውኃ ማውጫው እጀታ እንዲነቀል አደረገ። በእርግጥ በሽታው በዚያን ጊዜ መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ካርታው ግን ኮሌራ በውኃ እንደሚተላለፍ ለዓለም ካስረዱት ማስረጃዎች አንዱ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛዋ የነርሶች እናት የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ወታደሮች ከጥይት ይልቅ ንጽሕና በማጣት በሚመጣ በሽታ እየረገፉ እንደነበር በ1858 ባወጣችው የክብ ሥዕል አሳየች። በሽታውን የሚያመለክተው ቀለም የቁስሉን ቀለም ውጦት ይታያል። ረጅም ሰንጠረዥ ለማንበብ ትዕግሥት የሌለው ባለሥልጣን ሁሉ ያን አይቶ ማለፍ አይችልም ነበር።

እኛም በየትምህርት ቤታችን ያንኑ ማድረግ እንችላለን። ተማሪዎች በተቅማጥ እየታመሙ ከቀሩ የሰፈሩን ካርታ በጠመኔ ሥለን፣ የየቤቱን ስም ሳንጽፍ፣ የቀሩት ልጆች በየትኛው የውኃ ቦታ እንደሚጠቀሙ ነጥብ እናድርግ። ነጥቦቹ ከተከማቹ ለጤና ጣቢያው የምንነግረው ነገር አገኘን ማለት ነው።

8ኛ/ ከምን እንሥራው?

ወረቀት የለም፣ ቀለም የለም ብሎ መቀመጥ ለመምህር አይገባም። ባዶ የክብሪት ቀፎዎች ተደራርበው ሲቆሙ ባር ግራፍ ናቸው፤ ሕፃኑ በእጁ እየጨመረና እየቀነሰ ይማርባቸዋል። የለስላሳ ቆርኪ ለሥዕላዊ ግራፍ ይሆናል፤ አንድ ቆርኪ አንድ ተማሪ። የማሽላ አገዳ በልክ ሲቆረጥ ዘንግ ነው። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ተዘርግቶ ሲታጠብ ለዓመታት የሚያገለግል የግድግዳ ሰንጠረዥ ይወጣዋል። ዛሬ ሞባይልና ኮምፒዩተር ግራፉን በአንድ አፍታ ይሠሩታል፤ እሰየው! ግን ጥያቄውን መምረጥ፣ ሚዛኑን ከዜሮ ማስጀመር፣ ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ አሁንም የሰው ኃላፊነት ነው።

እንግዲህ ከመለጠፋችን በፊት እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች እንጠይቅ፦ አርእስት አለው? ዓመተ ምሕረት አለው? መፍቻው ወይም ሚዛኑ ተጽፏል? ባር ከሆነ ከዜሮ ይጀምራል? ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ተገልጿል? ማንበብ የማይችል ሰው ቢያየው ከእውነቱ የተለየ ነገር ይረዳበታል?

በመጨረሻም ለአንባቢያን አንድ ሥራ እንስጥ። በዚህ ሳምንት ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ከሰንጋ ተራ መንገድ ዳር፣ ከአስፋልቱ ፈቀቅ ብላችሁ፣ ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ቀትር ላይ አሥር ደቂቃ ቁሙ። የሚያልፉትን ሚኒባስ ታክሲዎች፣ አውቶቡሶች፣ የቤት መኪናዎችና የጭነት መኪናዎች በጭረት ቁጠሩ። አንዳችሁ ቁጠሩ፤ አንዳችሁ ጻፉ። ከዚያ ጥያቄያችሁን ራሳችሁ ምረጡ፤ «ሰውን ይበልጥ የሚያጓጉዘው የትኛው ነው?» የሚል ሰው መኪናውን ብቻ መቁጠሩ እንደማይበቃው ልብ ይበል፤ አንድ አውቶቡስና አንድ የቤት መኪና እኩል አይጭኑምና። የሠራችሁትን አምጡና ከዚህ ጽሑፍ ጎን እንለጥፈው፤ ሁላችንም እያየን በስድስቱ ጥያቄዎች እንመርምረው።